ከለቅሶ የማይቀረው ከንቲባ

በማዘጋጃ ቤታችን ሰሌዳ ላይ ከተለጠፉት ማስታወቂያዎች ሁሉ እንደዚያኛው ብዙ ሰው ያነበበው የለም። የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ክቡር ከንቲባ ጌትነት፣ ያለፈቃድ ከሥራ ገበታዎ ላይ ስለሌሉ ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ በአምስት ቀን ውስጥ ቀርበው ሪፖርት እንዲያደርጉ፤ ባይቀርቡ ግን ሥራዎን በገዛ ፈቃድዎ እንደለቀቁ የሚቆጠር መሆኑን እናስታውቃለን።» ለጥበቃ ጽፌ አውቃለሁ። ሚስቱን ፍለጋ ወጥቶ ለቀረው የቧንቧ ሠራተኛም ጽፌ አውቃለሁ። ለከንቲባ ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነበር። እጄ ለምዶ ኖሮ ከሥር «ግልባጭ፦ ለክቡር ከንቲባ» ብዬ ጨመርኩበት። ምክትሉ ሳያነብ ፈረመ፣ ማኅተም አረፈበት፣ ተለጠፈ። ከተማው ሁለት ቀን ሙሉ ሳቀ።

የሺ እባላለሁ፤ የከንቲባ ጸሐፊ ነኝ። የከተማችንን ስም አልጠራም። ጋይንትና ስማዳ ከሚዋሰኑበት አካባቢ ያለች ትንሽ ከተማ ናት ማለት ይበቃል። ስሟን ብጠራ ማዘጋጃ ቤቱ የማስተባበያ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ደብዳቤውን የምጽፈው ደግሞ ያው እኔ ነኝ። እስካሁን ዘጠኝ ከንቲባዎች በእጄ አልፈዋል። ስምንቱን አንድ ላይ ብትጨምቋቸው የአንድ ብርጭቆ ትዝታ አይወጣቸውም። ጌትነት ግን ዛሬ ሌላ ከተማ ሄዶ የሰው መሬት እየለካ ሲኖር እንኳ፣ እኔ እዚህ ተቀምጬ ከእሱ ጋር እከራከራለሁ።

ሲሾም ገና ሠላሳ አልሞላውም። ቀጭን ነው፤ ኮቱ ከታላቅ ወንድሙ የተዋሰው ይመስላል። ኪሱ ውስጥ የሚጠቀለል ሜትር አይጠፋም። በመጀመሪያው ቀን የቢሮውን ስፋት ለካ፣ ጠረጴዛውን ለካ፣ ከእኔ ወንበር እስከ መጸዳጃ ቤቱ ያለውንም ለካ። «ምን ልታደርገው ነው?» ስለው «እትዬ የሺ፣ ያልተለካ ነገር ወሬ ነው» አለኝ። እኔ ደግሞ በልቤ፣ ይኼኛው ሦስት ወርም አይቆይ፣ አልኩ።

በሳምንቱ የቢሮውን በር አስነቀለ። የሕዝብ ቢሮ በር ምን ያደርግለታል ብሎ ነው። ሐሳቡ ያማረ ነበር፤ ሰዉን ግን አላወቀውም። የእኛ አገር ሰው ገበናውን ኮሪደር ላይ ለተኮለኮለ ሁሉ እያሰማ አይናገርም። ባለጉዳይ ጠፋ። ወዴት ሄደ ካላችሁ ወደ እኔ ቤት። የድንበር ክርክር፣ የባልና ሚስት ጠብ፣ የውርስ ጣጣ ሁሉ ማታ ማታ ጓዳዬ ውስጥ ይዘከዘክ ጀመር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከንቲባዋ እኔ ነበርኩ ማለት ይቻላል። ሲሰለቸኝ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «ተሳስቻለሁ» አለ። በማግስቱ በሩን ራሱ ተሸክሞ፣ ራሱ በመዶሻ መትቶ ገጠመው። አጣሞ ነው የገጠመው፤ እስከ ዛሬ እንደ ተረገጠ ድመት ይጮኻል።

ይህን «ተሳስቻለሁ» የሚባለውን ነገር ከባለሥልጣን አፍ ሰምቼ አላውቅም ነበር። «ክፍተት ታይቷል» ሲባል ሰምቻለሁ። «የአፈጻጸም ውስንነት» የሚባለውን ስጽፍ ጣቴ ቀጥኗል። እሱ ግን እንደ ደህና አደራችሁ ይለዋል። ለገበያ ቀን የአህያ ማቆሚያ አዘጋጅቶ፣ እንዳይጠፋፉ ብሎ በየኮርቻው ላይ በኖራ ቁጥር ያስጻፈ ጊዜም እንዲሁ ነው። ገበሬው ቁጥር ካየ ግብር መጣ ማለት ነው። በሚቀጥለው ገበያ አህዮቹን ሁሉ ከወንዙ ማዶ አስሮ፣ ገብሱን በገዛ ትከሻው ተሸክሞ ማዘጋጃ ቤቱን እየረገመ ገባ። ጌትነት ገበያው መሀል ድንጋይ ላይ ወጥቶ «ወገኖቼ፣ ተሳስቻለሁ!» ብሎ ጮኸ። አንድ ሽማግሌ ከታች ሆነው «እንግዲያው አንተ ተሸክመህ መልስልን!» አሉት። ወርዶ የሽማግሌውን ስልቻ ተሸክሞ እስከ ወንዙ አደረሰላቸው።

ዋናው ነገሩ ግን መንገዱ ነው።

ከአደባባዩ ወደ ጤና ጣቢያው የሚወስደው መንገድ፣ መንገድ ይባል እንጂ የተጫነች አህያ ስታልፍበት ሰው አጥር ላይ የሚለጠፍበት ነበር። አምቡላንስ አይገባበትም። ምጥ የያዛት ሴት ከስማዳ ቆላ ድረስ በመኪና ትመጣና አደባባዩ ላይ ትወርዳለች፤ ከዚያ በቃሬዛ በሰው ትከሻ ነው። ጌትነት በተሾመ በሁለተኛው ወር አንዷ እዚያው መሀል ወለደች። እሱ በዚያ ሲያልፍ ደርሶ፣ ያንን ሰፊ ኮቱን አውልቆ ከሰው ዓይን ከለላት። እናትም ልጅም ደህና ወጡ፤ ኮቱ ግን አልተረፈም። ቢሮ በሸሚዝ ብቻ ገባ። «እትዬ የሺ፣ ይህ መንገድ ክረምት ሳይገባ ይሰፋል፤ ካልሰፋ እኔ እዚህ ወንበር ላይ አልቀመጥም» አለኝ። ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ።

ለካ። ለማስፋት በአንድ ወገን ያሉት ቤቶች መነሣት አለባቸው። ተለዋጭ ቦታ ተዘጋጀ። ስብሰባ ተጠራ፤ ሰዉ አጨብጭቦ አጸደቀው። የእኛ ከተማ ሰው ስብሰባ ላይ እንቢ አይልም፤ እንቢ የሚለው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ከዞን አንድ ዶዘር ለአንድ ወር በውሰት መጣ። ከወሩ በኋላ ይሄዳል፤ ከሄደ ደግሞ በእኛ ዕድሜ ይመለሳል ብሎ ያመነ ሰው አልነበረም።

ዶዘሩ ሥራ ሊጀምር በተነሣበት ማለዳ የመጀመሪያው ቤት ደጃፍ ላይ የእድሩ ድንኳን ተተክሎ ተገኘ። «ምነው?» ቢባል «መርዶ መጣ» ተባለ። የባለቤቱ አክስት በሩቅ አገር ከሞቱ ዓመት አልፏቸው ኖሮ ወሬው ገና መድረሱ ነው። ይህ በእኛ ዘንድ ያለ ነገር ነው፤ ሰው በሰው አገር ይሞታል፣ መርዶው ዘግይቶ ይመጣል፣ ለቅሶው ያኔ ይጀመራል። ለቅሶ ቤት ላይ ዶዘር የሚያስነሣ ሰው ደግሞ ከእግዜርም ከእድሩም ይጣላል። ሦስት ቀን ተጠበቀ። ሰልስቱ እንደወጣ ድንኳኑ ከዚያ ተነቅሎ ጎረቤት ተተከለ። እዚያም መርዶ መጥቷል። እድሩ ያለው አንድ ድንኳን ነው፤ ሰዎቹ ተራ ይዘውበታል። በዚያ ወር የጨረስነውን የሩቅ ዘመድ ብትቆጥሩ የጦርነት ጊዜ ነው የሚመስለው።

ጌትነት ምን አደረገ? ለቅሶ ደረሰ። በየድንኳኑ ገብቶ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ሦስት ሦስት ቀን ተቀመጠ። የዶዘሩን ሾፌርም ይዞት ይገባል። ሾፌሩ ሥራ ፈትቶ ንፍሮ ሲበላ ከርሞ ቀበቶው አልደርስ አለው። እኔም ደብዳቤ ይዤ ድንኳን ለድንኳን እየዞርኩ አስፈርማለሁ። «ልጄ፣ ይህ ሁሉ ሞት የውሸት ነው እኮ» ስለው «አውቃለሁ፤ ግን እውነተኛው የትኛው እንደሆነ አላውቅም» አለኝ።

በአንድ ማክሰኞ ተራው የአያ ካሴ ነበር። አያ ካሴ አልቃሽ ሁሉ ቀጥሮ፣ እስቴ የሚኖሩ አጎቱን እያለቀሰ ተቀምጧል። በምሳ ሰዓት አንድ ጠና ያሉ ሰውዬ ሁለት በግ እየነዱ መጡ። በጎቹን ካስማው ላይ አሰሩና፣ የእህታቸው ልጅ ቤት ድንኳን ማየታቸው ነውና ገና ከደጅ «ወይኔ ወይኔ!» እያሉ ገቡ። ደረታቸውን ደቁ፤ እንባቸው ወረደ። ሲደክማቸው አጠገባቸው ወዳለው ሰው ጎንበስ ብለው፦

«ማን ሞቶ ነው?» አሉ።

አጠገባቸው የተቀመጠው ጌትነት ነበር።

«የአያ ካሴ አጎት ናቸው» አላቸው በትሕትና።

«የትኛው አጎቱ?»

«የእስቴው።»

ሰውዬው ወደ ካሴ ዞሩ። ካሴ ነጠላውን ዓይኑ ድረስ ስቦ መሬቱን ያያል። «አንተ ካሴ፣ በል እንግዲህ ከሞትሁ በጎቹን ይዤ ልመለስ» አሉት። ሾፌሩ ንፍሮው ትን አለው። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ሳቁን ነጠላው ውስጥ ቀበረው።

በማግስቱ ጌትነት መላ አገኘሁ ብሎ መጣ። ሕጉም ያለ ሕግ ነው፤ ሞት የሆነ እንደሆነ በወሳኝ ኩነት መዝገብ ይመዝገብ፣ ድንኳን የሚተከለው የሟች ዘመድ ማዘጋጃ ቤት ቀርቦ «እገሌ ሞቷል» ብሎ ከፈረመ በኋላ ነው አለ። ማስታወቂያውን ስለጥፈው የሰዉን ፊት ባያችሁት። ድንኳን መትከል ሌላ ነው፤ በሕይወት ያለ ሰው ስም ጠርቶ ሞቷል ብሎ መፈረም ግን ሟርት ነው። በሁለት ቀን ውስጥ ከተማው ከሞት ዳነ። ዶዘሩ ሞተሩን አስነሣ፣ አጥሮቹ ተራ በተራ ወደቁ። ጌትነት እጁን እያፋተገ «አየሽ!» ሊለኝ ምንም አልቀረውም ነበር፤ ከጨዋነቱ የተነሣ «አዩ!» አለኝ።

ሰኞ ጠዋት እማማ አትጠገብ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ቢሮ ገባች። ቤቷ ከሁሉም መጨረሻ፣ ጤና ጣቢያው በር አጠገብ ነው። ጌትነት ብድግ ብሎ ወንበር ሰጣት።

«ሟች ማን ነው፣ እማማ?»

«ሙጬ። ታናሼ።»

«መቼ አረፈ?»

«እኔ ምን አውቄ? መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ከሄደ ሀያ ሁለት ዓመቱ።»

«መሞቱን ማን ነገረዎት?»

«አንተ ነህ እንጂ! ዶዘርህ ደጄ መጥቶ ሲቆም ነገረኝ።» መቋሚያዋን ጉልበቷ ላይ አጋደመች። «ስማኝ ልጄ። ሙጬ ሲሄድ በዚያች በር ነው የወጣ። በዚያችው ይገባል ብዬ ጭቃዋን ስለጥፍ፣ ሣሯን ስለውጥ ኖርሁ። አለ ብልህ ቤቴን ታፈርሳለህ። ሞተ ብልህ ድንኳን ይተከላል፤ ዶዘርህም ወሩ ሲያልቅ ይሄዳል። እንግዲህ ሞተ በልና ጻፍልኝ።»

ጌትነት ወደ እኔ አየ። ቅጹን አወጣሁ፣ ስሙን ጻፍኩ። የሞት ምክንያት በሚለው ላይ «አይታወቅም» አልኩ። የቀለሙን ሙዳይ ከፍቼ አውራ ጣቷን ነከርኩት። ጣቷ ወረቀቱ ላይ ሳይደርስ ቆመ። ቆመና ቆየ። ጌትነት «ይቅር» ማለት ይችል ነበር። እኔም እችል ነበር። ሁለታችንም ዝም አልን፤ ይህን ዝምታ እስከ ዛሬ አልወደውም።

ጣቷን አሳረፈችው።

«ይኸው፣ ገደልሁት» አለች።

ያን ቀን የተተከለው ድንኳን እንደሌሎቹ አልነበረም። ሀያ ሁለት ዓመት የተጠራቀመ እንባ ነው። እማማ አትጠገብ መሀል ላይ ቆማ፦

«መተማ ሰሊጡ ታጭዶ ገባ አሉኝ፣
አጫጁን ወንድሜን የት ላይ አስቀሩብኝ»

ስትል ድንኳኑ ተናወጠ። እኛ ዘንድ አንድ ዘመዱ መተማ ወርዶ ያልቀረበት ቤት የለም፤ ሁሉም የየራሱን አለቀሰ። አያ ካሴ እንኳ አልቃሽ ሳይቀጥር አለቀሰ። ሾፌሩ ንፍሮ አልነካም። ጌትነት ጥግ ላይ አንገቱን ደፍቶ ሦስቱንም ቀን ከቦታው አልተነሣም።

ሰልስቱ ሲወጣ ዶዘሩ የቀረው አራት ቀን ነው። ጌትነት ሜትሩን ይዞ ቤቷ ዙሪያ ሲዞር ዋለ። መንገዱን እዚያ ላይ ቢያጥፈው አምቡላንሱ አይዞርም። ደግሞ ለካ፤ አሁንም አይዞርም። ቢሮ መጥቶ «ዶዘሩን መመለሻ ደብዳቤ ይጻፉልኝ። እዚያች ሴት ቤት ላይ አልነዳም» አለ። መንገዱ ካልሰፋ ምን እንዳለ አስታወስኩትና «ወንበሩስ?» አልኩት። «ለእሱም ደብዳቤ ይጻፉ» አለኝ። ሁለቱንም መጻፍ ጀመርኩ።

ሳልጨርስ እማማ አትጠገብ ገባች። እጇ በጭቃ ተለውሷል።

«በሩን ነቅዬዋለሁ» አለች። «ዕቃዬን አውጥቻለሁ። የምጠብቀው ሰው ከሞተ እኔ ለማን ነው ጭቃ የምለጥፍ? በል መኪናህን ንዳው።»

«እማማ፣ እኔ...»

«ንዳው ብያለሁ! ሴቶቹ መንገድ ላይ ሲወልዱ እሰማለሁ እኮ፤ ደጄ ነው።»

መንገዱ ተከፈተ። ከተረፈው ጓሮዋ ላይ ሰዉ በደቦ ሌላ ቤት አቆመላት። በሳምንቱ አምቡላንሱ ጥሩምባውን እየነፋ ጤና ጣቢያው በር ድረስ ገባ፤ ሰዉ እልል አለ። ድንኳን ሲተክሉ የከረሙት ሁሉ ዛሬ ስትጠይቋቸው ቤታቸውን ለልማት በፈቃዳቸው የሰጡ ናቸው።

ጌትነት ግን ደስ አላለውም። ከዞን የምስጋና ደብዳቤ ሲመጣ ሳይከፍት መሳቢያ ውስጥ ከተተው። አንድ ቀን የሞት መዝገቡን አስመጥቶ ያንን ገጽ ሲያይ ቆየ። «እትዬ የሺ፣ የሞት ምክንያት አይታወቅም ብለን ጽፈናል፤ ይታወቃል እኮ። እኔ ነኝ» አለ። «ያላየነውን ሰው ገድለን መዘገብነው። ተሳስቻለሁ።» የአህያ ኮርቻ ቁጥር አይደል በእርጥብ ጨርቅ የሚጠፋ፣ በር አይደል በምስማር የሚመለስ። ፈቃድ ጠየቀ፤ ግምገማ ስላለ ንቅንቅ እንዳይል ተባለ። እማማ አትጠገብ ዘንድ ሄዶ የወንድሟን መልክ ጠየቀ። ፎቶ የለም፤ ግራ ቅንድቡ ላይ በሬ የወጋው ጠባሳ አለ። ይህንን ይዞ መተማ ወረደ። «አንድ ሳምንት» አለኝ። ለአንድ ጠባሳ ከንቲባነቱን የሚጥል ሰው ያኔ አየሁ። ጅል አልኩት። ፊት ለፊት ነው ያልኩት፤ ሳቀና ሄደ።

ሳምንቱ አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ። ስልኩ አይሠራም። ያ ማስታወቂያ ወጣ። አምስቱ ቀን ሲሞላ የስንብቱን ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ምክትሉ ከምሳ ሲመለስ ስምንት ሰዓት ላይ ሊፈርም አቃፊው ውስጥ ተቀመጠ። እኔ ምሳ አልሄድኩም፤ አልበላ አለኝ። ሰባት ተኩል ገና አለፍ ከማለቱ ስልኬ ጮኸ፤ የማላውቀው ቁጥር ነው።

«እትዬ የሺ፣ አገኘሁት!»

«ማንን?»

«ሙጬን! አጠገቤ ቆሟል። አግብቷል፣ ወልዷል። ባዶ እጄን እህቴ ደጅ አልቆምም ብሎ ነው የቀረው። የመጀመሪያውን ዓመት ተሰረቀ፣ ሁለተኛውን ወባ ጣለው፣ በሦስተኛው አፈረ። ማፈሩ ነው ሀያ ዓመት የፈጀው። አሁን መዝገቡን ያውጡና ሞቱን ይሰርዙ።»

«በማን ትእዛዝ ነው የምሰርዘው?»

«በከንቲባው።»

«አንተ እኮ ስምንት ሰዓት ላይ ከንቲባ አይደለህም። ደብዳቤህ እዚህ ተቀምጧል።»

«አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

«ሰባት ሰዓት ከሠላሳ አምስት።»

«እንግዲያው ሀያ አምስት ደቂቃ አለኝ። ይጻፉ።»

መዝገቡን አወጣሁ። በወሳኝ ኩነት መዝገብ የትንሣኤ ዓምድ የለም። ጠርዙ ላይ «ሟች በሕይወት ስለተገኘ በከንቲባው ትእዛዝ ተሰርዟል» ብዬ ጻፍኩ፤ ሰዓቱንም ጨመርኩበት። ከዚያ ስልኩን ሳልዘጋ ወጣሁ። በዚያ ሰፊ መንገድ ላይ በዚህ ዕድሜዬ ጫማዬን በእጄ ይዤ ሮጥኩ።

እማማ አትጠገብ ደጇ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፍኩላት። «እህቴ» የሚለውን ድምፅ እኔም ከቆምኩበት ሰማሁት። ሰፌዱ ከጭኗ ላይ ተንሸራቶ ምስሩ ተበተነ። ከዚያ ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ቁጣዋን ለቀቀችው።

«አልቅሼብሃለሁ እኮ፣ አንተ የት አባትህ ሆነህ ነው! ድንኳን ተተክሎልሃል፣ ንፍሮህ ተበልቷል! ሾፌር ሳይቀር አልቅሶልሃል!»

ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ምን እንዳለ አልሰማሁም። እሷ ግን ቁጣዋ በረደላት። ዞራ የድሮ ቤቷ የነበረበትን ቦታ አየች። አንድ አይሱዙ አቧራውን እያስነሣ በዚያ ላይ ያልፍ ነበር።

«የለም፣ በሩን አትፈልገው» አለችው። «እኔ ነኝ የነቀልሁት። መንገድ ሆኗል። ባዶ እጅህን ብትሆን ማን ጠየቀህ? ልጆችህን ሁሉ ጫንና በመኪና ና። እስከ ደጄ ይገባል።»